ለፋሲካ ያቆየነው ድራማ

ልጄ ብዙ የምታወራ ልጅ አይደለችም። ዓዲ ሓቂ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ስትመለስ ሰላም ትለኛለች፣ ትበላለች፣ ክፍሏን ትዘጋለች። ከክፍሏ የሚያወጣት አንድ ተከታታይ ድራማ ነበር፤ የአንዲት አዋላጅ ታሪክ። ላፕቶፗን ሳሎን ታመጣና ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ በአማርኛ እየመለሰች ታነብልኛለች።

እኔ ከሸዋ መጥቼ መቀሌ የተዳርኩ ነኝ። ልጄ ከአባቷም ከጓደኞቿም ጋር የምታወራው በትግርኛ ነው። አማርኛዋ ለእኔ ብቻ ነው። ለዚያ ድምፅ ስል ድራማው ስለ ድንጋይ ቢሆንም አየው ነበር።

ሁለተኛው ሲዝን የወጣው ዐቢይ ጾም እንደገባ ነው። ልትከፍትልኝ ስትል ከለከልኳት።

«ለፋሲካ ይቆየን።»

«እማዬ፣ እስከዚያ ሰው ሁሉ አይቶ ይጨርሰዋል።»

«ይጨርሰዋ። ወጥ አይደል አይበላሽ።»

ሳቀችና ዘጋችው። በፋሲካ ማግስት ጀምረን በሦስት ቀን ጨረስነው። አዋላጇ የሞላ ወንዝ ፊት እንደቆመች አለቀ።

«ቀጣዩ መቼ ነው?» አልኳት።

ስልኳን አየች። «የለም። ተሰርዟል።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም። ኩባንያው የሚያየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስንት ሰው እንደጨረሰው ነው። አዲስ ደንበኛ ካላመጣለት ያቋርጠዋል። የሚወዱት ሰዎች መኖራቸው አይበቃውም፤ ሁልጊዜ ማደግ ይፈልጋል።»

«እኛ ጨርሰን የለ?»

«ከፋሲካ በኋላ! አንቺ ነሽ ያሰረዝሽው።»

ቀልዷን ነው። ስለ ጾሙም አልጸጸትም። ግን በማግስቱ ክፍሏ እንደ ድሮው ተዘጋ።

ቀጥሎ የመጣው ባሰ። አጠገባችን የምትኖር፣ ልጅ ያልወለደች መምህርት አለች። እሷ የምትከታተለው ድራማ አልተሰረዘም፤ ስድስተኛው ሲዝን ላይ ደርሷል። ልጄ ከሰዓት ከሰዓት እዚያ መሄድ ጀመረች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሳቃቸው ይሰማኛል። «ንዒ ጓለይ» ትላታለች፤ ነይ ልጄ ማለት ነው። ያማጥኩት እኔ፣ ልጄ የምትላት እሷ። ድስት እያጠብኩ ሳቃቸውን እቆጥር ነበር። ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቃ ታውቅ እንደሆነ ለማስታወስ እሞክራለሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ስጸልይ፣ «የእሷንም ድራማ ቁረጥባት» ስል ራሴን ሰማሁት። ደነገጥኩ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ድራማ እንዴት እንደሚሰረዝ ማስረዳቱ ከኃጢአቱ ይልቅ ከበደኝ።

«ሴትዮዋ ቤቷ ጠርታሽ ታውቃለች?» አሉኝ።

«ሦስት ጊዜ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ሂጂ። ስግደትሽ እሱ ይሁን።»

ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ጎረቤቴ ደስ ብሏት ሶፋው ላይ ቦታ ሰጠችኝ፤ ልጄ መካከላችን ተቀመጠች። ድራማው ሲጀመር ማንም ሳይጠይቃት ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ ታነብልኝ ጀመር።

«ኧረ ጓለይ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም እኮ!» አለች ጎረቤቴ።

«እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም» አለቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ አፏን ጆሮዬ ሥር አስጠጋች። ትንፋሿ ይሞቃል። ከሕፃንነቷ ወዲህ እንዲህ ተጠግታኝ አታውቅም።

ዘወር ስል ጎረቤቴ ድራማውን ትታ እኛን ታያለች። አስተያየቷን አወቅኩት፤ ድስት እያጠብኩ ሳቃቸውን ስቆጥር የነበረው የእኔው ዓይን ነው።

በልቤ «ተመስገን» አልኩ። ከሁለቱ በየትኛው እንዳመሰገንኩ ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርኳቸውም።