የግብ መምህርቷ መኪና

ተማሪዎቿ «ደረጃ በደረጃ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የራሷ አፍ ነው፤ ስለ ግብ አወጣጥ ስታስተምር ይህችን ቃል ሳትደጋግም ወጥታ አታውቅም። «ትልቁን ነገር ቆራርሱት፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ» ትላለች። ተማሪ ደግሞ ለሌላ ለሌላው ቢሰንፍም ለስም ማውጣት አይሰንፍም።

አሠራሯ ቀላል ነው። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፤ አንዱ ግቡን ለሌላው ይነግራል፤ ዓርብ ዓርብ ጥንዱ «የት ደረስክ?» ብሎ ያፋጥጠዋል። መልሱ ታዲያ በወሬ አይሆንም። ጠያቂው በዓይኑ ካላየ እንደተሠራ አይቆጠርም። ገመድ መዝለል ለመድኩ ያለ እዚያው ፊቱ ይዘላል። በዚህ ሕግ ስንቱ ጉረኛ ኩም ብሏል።

ባሏ ከሞተ በኋላም ማስተማሯን አላቋረጠችም። ሰው ጥንካሬዋን ያደንቃል። ጥንካሬ አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። ታስተምራለች፣ ታርማለች፣ የቀረበላትን ትበላለች፤ ምን እንደበላች ብትጠየቅ ግን አታስታውስም። ቀብሩ ላይ እንኳ ዓይኗ አልረጠበም። ዘመድ ሲያማት ሰምታለች፤ እሱም አልከነከናትም። ልብሱንና ጫማውን ተካፍለው ሲወስዱም በሩን ከፍታ ሸኘቻቸው።

የቀረው መኪናው ነው። ግቢ ውስጥ አቧራ ለብሶ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ባሏ ነበር፤ አሁን በአውቶቡስ እየተጋፋች ትሄዳለች። መንጃ ፈቃድ አላት፤ ካወጣች ወዲህ ግን መሪ ነክታ አታውቅም። በቀደም የባሏ ወንድም መጥቶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና፣ «እህቴ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ወይ ንጂው፣ ወይ ልውሰደው። ቆሞ እኮ መበስበሱ ነው» አላት።

«እነዳዋለሁ» አለችው። ሌላው ሁሉ ሲሄድ ምንም ያልመሰላት ሴትዮ ይህን ለምን እንዳለች ለራሷም አልገባትም። መኪናው እንዲወሰድባት እንደማትፈልግ ብቻ ታውቃለች።

ዘንድሮ የክፍሉ ተማሪ ቁጥር ጎዶሎ ሆነና አንዲት ልጅ ጥንድ አጣች። ጓደኞቿ «መርማሪ» የሚሏት ናት፤ ጥያቄ ከያዘች አትለቅም። መምህርቷ ራሷ ጥንድ ሆነቻት። የልጅቷ ግብ ማርፈድ ማቆም ነበር።

«የእርስዎስ፣ ቲቸር?»

«መኪና መንዳት» አለች። ሌላ ነገር አፏ ላይ አልመጣላትም።

ዓርብ ደረሰ። መርማሪ ሳምንቱን ሙሉ ከደወል በፊት ስትገባ ታይታለችና አንገቷን ቀና አድርጋ ጠየቀች። «የት ደረሱ?»

«ገብቼ ተቀመጥኩ።» ውሸቷን ነው፤ በሩንም አልከፈተችው።

«እንግዲያው ልየዋ።»

መምህርቷ የገዛ ሕጓን ረስታው ነበር። ክፍሉ በሙሉ ጆሮውን አቁሟል፤ መሸሻ የለም።

ከትምህርት በኋላ አብረው ወደ ቤቷ ሄዱ። ልጅቷ ቀድማ ገባችና መምህርቷ ሁልጊዜ ትቀመጥበት በነበረው በጎን ወንበር ላይ ተደላደለች። መምህርቷ በባሏ ቦታ ገባች። ባሏ ባለ ረጅም እግር ነበር፤ ወንበሩን ለራሱ ልክ ወደ ኋላ ገፍቶታል። እግሯን ብትዘረጋ ብትዘረጋ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም።

«ቲቸር፣ ወደ ፊት ይሳቡት እንጂ። እንዲህ ሆነው እንዴት ሊነዱ ነው?»

እጇን ከወንበሩ ሥር ሰደደች፣ ማንሻውን አገኘችና ሳበችው። ወንበሩ ቀጭ ቀጭ እያለ መጣ። እግሯ ፍሬኑን ረገጠ።

«ተሠራ ልበል?»

«በይ» አለች።

ያኔ ምን እንዳደረገች ገባት። ወንበሩን መልሳ ገፋችው። በዛ። ትንሽ ወደ ፊት ሳበችው፤ አሁንም የእሱ ልክ አይደለም። እንደገና ገፋችው። እሱ ሲቀመጥ ወንበሩ የቱ ጋ እንደነበረ ልብ አላለችም፤ ከእንግዲህም የሚነግራት የለም። መርማሪ «ቲቸር፣ ምን ሆኑ? የሚነዱት እርስዎ አይደሉ?» ትላታለች፤ እሷ ማንሻውን እንደጨበጠች ታለቅሳለች።