ረመጥ ውስጥ የቀበርኳቸው የራዲዮ ድንጋዮች

የልጄ ልጅ ቤዛ ሰሞኑን ፀሐይ ልትይዝ ተነስታለች። ከድሮ መስኮት የወለቀ መስታወት ጓሮ ዘርግታ፣ ስስ ስስ ነገር ትደረድርበታለች። ሰማያዊ ነው ትለኛለች። አንዱን ብነካው እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰበረብኝና ተቆጣችኝ። በጋለ ብረት እርሳስ እያቀለጠች በሽቦ ታያይዘዋለች። ተሠርቶ የሚሸጥ አለ ስላት፣ በራሴ እጅ ካልሠራሁት አለች። እዚህ ጨለለቅቱ መብራት በጠፋ ቁጥር የኛ ቤት ብቻ እንዲበራ ነው ሐሳቧ። ጎረቤት ሁሉ ስልኩን ይዞ ሊሰለፍ ነው፤ እኔም ማንን አስገብቼ ማንን እንደምመልስ ከወዲሁ መርጫለሁ።

ግን ያ የሚቀልጥ ነገር ሲሸተኝ፣ ዓይንሽን ጠብቂ፣ ራቅ በይ እላታለሁ። እሷ ደግሞ አሮጊቷ ኤሌክትሪክ ፈራች ብላ ትስቃለች። ኤሌክትሪክ ምን ያደርገኛል? እኔ የምፈራው ሌላ ነው።

ያኔ አሥራ ሦስት ወይ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ የጻፈው የለም። ቤታችን ኢዲዶ ነበር። አባዬ በአራት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ነበረው። ድንጋዩ ሲደክም ቶሎ አዲስ አይገዛም፤ ቡናው ከተሰጣበት ማድረቂያ አልጋ ጫፍ ላይ ደርድሮ ፀሐይ ያስመታዋል። ማታ መልሶ ሲከተው ራዲዮው ትንሽ ያወራል። ፀሐይ የሚይዝ ፓኔል የሚባል ነገር ማን ያውቃል ያኔ? አባዬ ግን ፀሐይ ጉልበት እንደምትሰጥ ደርሶበት ነበር።

አንድ ዓመት፣ በለቀማ ወቅት፣ ዝናብ ያለጊዜው መጣብን። ሦስት ቀን ፀሐይ የሚባል የለም። ቡናው በሸራ ተሸፍኖ ዋለ፤ ራዲዮው ዝም አለ፤ የአባዬም ፊት ጠቆረ። በአራተኛው ቀን ካፊያ ብቻ ሆነና እሱና እማዬ ለለቀማ ወጡ። እኔን ከታናሽ እህቴ ከአስቴር ጋር ቤት ተውን። አስቴር ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን የሠላሳ።

እኔም አሰብኩ። ፀሐይ የምትሰጠው ሙቀት አይደል? ሙቀትማ ምድጃችን ውስጥ ሞልቷል። ድንጋዮቹን እንደ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ረመጥ ውስጥ ቀበርኳቸው። አባዬ ሲገባ ራዲዮው ሲጮህለት፣ እኔን ሲመርቀኝ ይታየኛል። አስቴር ምድጃው አፍ ላይ ተንበርክካ በሰለ ወይ፣ በሰለ ወይ ትለኛለች። እንዳትነኪ ብያት ውሃ ልቀዳ ጀርባዬን ሳዞር፣ ዷ አለ።

አመዱ ጣራ ደረሰ። ጉሮሮ የሚቆጠቁጥ ሽታ ቤቱን ሞላው። ዞር ስል አስቴር ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"ዓይኔን አቃጠለኝ" አለች ቀስ ብላ። "ልግለጠው?"

"አትግለጪ" አልኳት።

እስከጨፈነች ድረስ አልታወረችማ። አዝያት ወደ ወንዙ ሮጥኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለቴ ወደቅኩ። አሁንስ ልግለጠው ትለኛለች ከጀርባዬ፤ ቆይ እላታለሁ። ወንዙ ዳር አስቀምጬ አጠብኳት፣ ደግሜ አጠብኳት። መጀመሪያ ውሃው ጥቁር ሆኖ ወረደ። ኋላ ጥርት አለና የማጥበው አለቀብኝ። ያን ጊዜም ግለጪ ማለት አቃተኝ። በትር ይዛ ስትደናበር፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እጇን ይዤ ስመራት፣ እማዬ ዓይኔን ሳታይ ምግብ ስትሰጠኝ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ።

"በረደኝ" አለች። "እንግዲህ ገለጥኩት።"

ገለጠችው። ዓይኗ ደም መስሏል፤ እኔን አልፎ ዛፍ ዛፉን ያያል።

"ጨለማ ነው" አለች።

ጭቃው ላይ ዝርፍጥ አልኩ። እንባም አልመጣልኝም። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፊቴን አየችና፣ "አፍንጫሽ ላይ አመድ አለ" ብላኝ በሳቅ ፈረሰች።

ልመታት እጄን አነሳሁ፤ አቅፌያት አለቀስኩ። ለአባዬ ድንጋዮቹን ጦጣ ወሰዳቸው አልነው። እስኪሞት ድረስ ጦጣ ባየ ቁጥር ዱላ ያነሳ ነበር። አስቴር አፏን የዘጋችበትን ደግሞ ዓመት ሙሉ ሸንኮራዬን እየበላች አስከፈለችኝ።

ዛሬ ከሰዓት ቤዛ መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዙራ፣ አምፖል አንጠልጥላ፣ ነይ እዪ ብላ ጠራችኝ። ሄድኩ። እሰይ የኔ ልጅ፣ እንዴት ያለ ብርሃን ነው አልኳት።

"እማማ፣ ገና አላገናኘሁትም" አለችኝ።

ተያዝኩ። ክረምት ከገባ ጀምሮ ሁሉ ነገር ጉም ሆኖብኛል፤ ሰው የምለየው በድምፁ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ሐኪም ካልጠየቅሁ መታወሬን አይነግረኝም ብዬ ነዋ። ለቤዛ የወንዙን ነገር የነገርኳት ያን ጊዜ ነው። አልሳቀችም። ሽቦዋን አስቀምጣ፣ ነገ ጠዋት ዲላ ሐኪም ቤት እንሄዳለን አለች። ፓኔሉስ ብላት፣ ፀሐይዋ የት ትሄዳለች አለችኝ።

እሺ አልኳት። ፈርቻለሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ። ግን ያቺ እህቴ በስድስት ዓመቷ፣ ዓይኗን ስትገልጥ፣ የቻለችውን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ካልቻልኩ፣ ስትሰማ መሳቂያዋ ነው የምታደርገኝ።