ለሰርጓጁ ባሕርተኛ የወረደ ሙሾ

ደብረወርቅ የማታውቀውን ሰው አታለቅስም። ከወረታ እስከ ይፋግ ሙሾ አውራጅ ሲታጣ የሚላከው ወደ እሷ ነው፤ እሷም አስቀድማ ትጠይቃለች። ሟች ምን ገደለ? ምን አረሰ? ማንን አበላ? ከማን ተጣላ? ለወታደር ጠመንጃው፣ ለአራሽ ሞፈሩ ከለቅሶው መሀል ይወጣል፤ እሷ እሱን እያየች ግጥሙን ታወርዳለች። ሁሉንም ሰው «አንበሳው» ብሎ መሸኘት የሰነፍ አልቃሽ ሥራ ነው ትላለች።

እንግዳው የሚባለው ሟች ግን አስቸገራት።

እንግዳው የሞተው በነሐሴ ነው፤ የርብ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ በሜዳው ላይ በተኛበት ሳምንት። ሬሳው በታንኳ ተሻግሮ በጥቂት ሰው ተቀበረ፤ አልቃሽ አልደረሰለትም። ስለዚህ ሚስቱ ሠርካለም ለአርባው ድንኳን አስጣለች፤ ባሏ ሳይለቀስለት ቀረ እንዳይባል ደብረወርቅን አስጠራች።

«ሥራው ምን ነበር?» አለቻት ደብረወርቅ በዋዜማው መጥታ።

«ሩዝና ሽንኩርት።»

«እሱንማ ማን ያጣዋል! በወጣትነቱ ነው የምልሽ።»

«ባሕር ኃይል ነበር። ሶቪየት ልከውት ከባሕር ሥር በሚሄድ መርከብ ተምሯል። ሰርጓጅ ይሉታል።»

«ከባሕር ሥር ምን ሲሠራ?»

ሠርካለም ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁት።»

ጎረቤቱ በላቸው ድንኳኑን እየወጠረ ይሰማቸው ነበር። «እኔ ልንገርሽ፣ እታለም። ከውኃ ሥር ከረምሁ ቢለን አምባዛው ብለን ስም አወጣንለት። አምባዛ እንኳ ዓሣ ሆኖ ለመተንፈስ ብቅ ይላል። ሰው እንዴት አድርጎ ይከርማል?»

«ውሸታም ነበራ?»

በላቸው ራሱን አከከ። «ኧረ አይዶለም። እሱስ ውሸት አያውቅም።»

ደብረወርቅን የያዛት ይኸ ነው። ውሸት የማያውቅ ሰው የማይታመን ነገር ተናግሮ ሞቷል። ቁጭ ብላ የእንግዳውን የቤት ጠባይ ከሚስቱና ከጎረቤቱ አፍ ትለቅም ጀመር። ክዳን ሲወድቅ ይሳቀቅ ነበር። በር የሚዘጋው በእጁ ደግፎ ነው። ሜዳው ሁሉ ውኃ በሆነበት ክረምት ፊቱንና እግሩን በአንዲት ኩባያ ይታጠባል። የመስኖ ሞተር ውኃ መሳብ ሲያቆም ገበሬው ሁሉ የሚጠራው እሱን ነበር፤ ጆሮውን ከቱቦው ላይ ለጥፎ ይቆይና ወንዙ ውስጥ ጠልቆ ጭቃ የደፈነውን ጫፍ ጠርጎ ይወጣል።

«ለኔም ጠልቆልኛል» አለ በላቸው፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ።

ይህ ሁሉ ግን ለሙሾ አልበቃም። ደብረወርቅ የምታውቀው የወታደር ግጥም በሙሉ ገዳይ ይፈልጋል። ገዳይ ነበር ብላ እንዳትዋሽ ደግሞ የጥንት ባልደረባው ነገ ከባሕር ዳር ይመጣል።

ባልደረባው ተክለ ማርያም በማግስቱ ማልዶ ደረሰ፤ ከሲታ ሽማግሌ ነው። ደብረወርቅ ድንኳኑ ሳይገባ ከደጅ ያዘችው።

«አንቱ፣ አብራችሁ ነበራችሁ?»

«አንድ መርከብ ውስጥ፤ መታጠቢያ ውኃ እንኳ በኩባያ እየተሰፈረልን።»

«እስቲ ይንገሩኝ፣ ምን ገደለ?»

«ማንንም።»

«ታዲያ ምን ሠራ?»

«ሰማ።»

ግራ ገባት። ተክለ ማርያም ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ሥልጠና ነበር። ከላይ ሌላ መርከብ ታሳድደናለች፤ የምትፈልገው ድምፃችንን ነው። እንግዳው በጆሮው ማዳመጫ አጥልቆ የሷን ሞተር ይሰማል፤ ራቀች፣ ቀረበች ይለናል። የቀረነው ዝም። ጫማ ይወልቃል፤ ማንኪያ የጣለ ሁሉንም ገደለ ማለት ነው።»

«ሲፈሩስ?»

«እሱም በዝምታ ነው።»

«የኛ አገር ሰው እንዲህ ዝም ቢል ጠበል ይወስዱት ነበር!» ብላ ሳቀች።

ሽማግሌውም ሳቀ፤ ወዲያው ግን ተከዘ። «አገራችን ሰርጓጅ ሳታይ ባሕር ኃይሉ ፈረሰ፤ ተበተንን። አብረን ከሄድነው አንዱ፣ ባየህ የሚሉት፣ ሰው ቤት ዘበኛ ሆኖ ሞተ። ሌላው፣ በእውቀቱ፣ በስደት። ለቅሷቸውን ያየ የለም። ከሆነልሽ ስማቸውን አንሺልኝ።»

ረፋድ ላይ ሰዉ ከሐሙሲት ሳይቀር መጣ። በላቸው ክላሹን አንግቶ ቀረበ። «አንድ ሁለት ልተኩስለት?»

«ክዳን ሲወድቅ ለሚሳቀቅ ሰው? ተው፣ ሞኝ!» አለችው ደብረወርቅ፤ መሀል ገብታም ቆመች። በእጇ ምንም አልያዘችም። ሙሾውን የጀመረችው ለሕፃን እንደሚነገር ባለ ድምፅ ነበር።

«አይሰማም!» አለ ከኋላ አንዱ።

የሠርካለም ፊት ጠቆረ። የማይሰማ ለቅሶ ካለመለቀስ በምን ይሻላል? ደብረወርቅ ግን ድምጿን አላነሣችም። ከኋላ ያሉት ለመስማት ገፋ ገፋ እያሉ ቀረቡ፤ ወንዱና ሴቱ ወገን ለይቶ መቆሙ ቀረ፤ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ጆሮውን ሰጠ።

ከላይ ሲፈልጉት ባሕሩን አስሰው፣
ከታች ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው።

ወንዱ ሁሉ ሲያልፍ ፎክሮ አቅራርቶ፣
እንግዳው ጠበቀ ትንፋሹን ገትቶ።

ባየህም በእውቀቱም ሳይለቀስ አለፉ፣
ዛሬ ከእንግዳው ጋር አንድ ድንኳን አረፉ።

ተክለ ማርያም ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ሠርካለም የመጀመሪያውን ግጥም በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ መለሰችው፤ ሴቶቹም ተከትለው ተቀበሏት። በላቸው አፈሙዙን ወደ መሬት አዞረና ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

ሰዉ ለዝክሩ ሲቀመጥ ደብረወርቅ ሰሐኗን ይዛ ሄዳ ከተክለ ማርያም አጠገብ ተቀመጠች።

«ከሄዳችሁት የቀሩት አንቱ ብቻ ነዎት?»

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው የርስዎን ይንገሩኝ። ከዚያ ከሥር ሳሉ ምን ነበር የሚሠሩት?»

ሽማግሌው ጉርሻውን አቆመ። «ምነው እመይቴ! እኔ ለመሞት አልመጣሁም እኮ!»

«ማን ይሙቱ አለ? ቀስ ብለው ይሞታሉ። እኔ ግን ኋላ ማንን እጠይቃለሁ?»

ተክለ ማርያም ዙሪያውን አየ፤ በላቸውም ሠርካለምም መብላታቸውን ትተው እየጠበቁት ነው። እጁን ታጠበና የራሱን መንገር ጀመረ።