ባንታየሁና የሞተችው ሲንተሳይዘር

ባንታየሁ ፈሪ ነው። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ ይመሰክራል። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ በሩን ሳይዘጋ ሲፈተለክ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ስንቱን ታቦት እንደሚጠራ አብረውት የተሳፈሩ ያውቁታል። በዚያ ቅዳሜ ግን ሩንዳ ሰፈር፣ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ቆሞ የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። የሚያስፈራ ነገር ሠርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባንታየሁ የናይሮቢን ሐበሻ ሲድር የኖረው በአንዲት አሮጌ አናሎግ ሲንተሳይዘር፣ ኮምፒውተር በሌላት የድሮ ኪቦርድ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ቆማ የምትዘፍነው ደግሞ ብዙነሽ ናት። ብዙነሽ ኮምፒውተር አታሳዩኝ ባይ ናት። አንዱ ኪቦርዲስት ላፕቶፕ ይዞ ቢመጣ፣ "ለዚህ ዕቃ አፌን አልከፍትም!" ብላ ሠርጉን ጥላ ሄዳለች። ታዲያ ባለፈው ወር ያቺ ሲንተሳይዘር ሞተች። መሃል ከተማ ያለ ዕቃ ጠጋኝ ፉንዲ ሁሉ ሆዷን ከፍቶ እያየ፣ "መለዋወጫ የላትም፣ ፖሌ፣ አይዞህ" ብሎ መለሰለት።

ምን ያድርግ? የዚያችኑ ማሽን ድምፅ አስመስሎ የሚያወጣ ሶፍትዌር ገዛ። የአሮጌዋን ሆድዕቃ አውጥቶ በሳጥኗ ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ ደበቀ፤ ላፕቶፑን ከሥር በጨርቅ ሸፈነው። ለብዙነሽ ትንፍሽ አላለም። ካወቀች ትታው ትሄዳለች። ያለ እሷ ደግሞ እሱን ማን ሠርግ ይጠራዋል?

የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች በሰላም አለፉ። ከዚያ የብዙነሽ ድምፅ ዝቅ፣ ዝቅ ማለት ጀመረ። የኪቦርዱ ቃና ባለበት ነው፤ እሷ ትወርዳለች። ጨፋሪው ትከሻውን አቆመ። የሙሽራዋ እናት ዞር ብላ አየቻቸው። ብዙነሽ ዘፈኑን አቋርጣ ከድንኳኑ ጀርባ ወጣች፤ ባንታየሁም ተከተላት።

"ባንቴ፣ ጆሮዬ ሄደ" አለችው። ፊቷ አመድ መስሏል። "እናቴ ስትደነቁር እንዲህ ነው የጀመራት። አለቀልኝ! ሁለተኛ አልዘፍንም።"

ባንታየሁ ነገሩ ወዲያው ገባው። አሮጌዋ ማሽን እየሞቀች ስትሄድ ቃናዋ ይወርድ ነበር፤ ብዙነሽም ሳይታወቃት አብራት መውረድ ለምዳለች። ሶፍትዌሩ ይህንኑ የሚያስመስል፣ እርጅና የሚባል ማዞሪያ አለው። ይኼ ሰውዬ ግን የድምፁ ጥራት ደስ ብሎት ዜሮ ላይ ትቶታል። አሁን "ድካም ነው፣ ግድ የለም" ብሎ ቢመልሳትና ማዞሪያውን ጠምዘዝ ቢያደርገው ማን ያውቅበታል?

እንደዚያ ሊላት አፉን ከፈተ። ብዙነሽ ግን ጣቷን ጆሮዋ ሥር እያጮኸች፣ ይሰማኝ ይሆን ብላ ትሞክር ነበር። አላስቻለውም።

"ጆሮሽ ደህና ነው፣ ብዙዬ። እኔ ነኝ ያታለልኩሽ" አለና ሁሉንም ዘረገፈላት።

"ተመስገን! ተመስገን!" ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ወደ ድንኳኑ ገባችና ጨርቁን ገልጣ ላፕቶፑን አየችው።

"አጥፋው" አለች።

አጠፋው። እሷ ማይኳን አንስታ፣ "እስቲ አጨብጭቡልኝ!" አለች። በጭብጨባና በከበሮ ብቻ ጀመረች። ባንታየሁ አሁን ትወርዳለች፣ አሁን ትወርዳለች እያለ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። አልወረደችም። እንዲያውም ወጣች። ሠርጉ ቀለጠ። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲተካ፣ ባንታየሁ እጁን አጣጥፎ ከሳጥኑ ኋላ ቆሞ ነበር። ኪቦርዱ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።