ሦስት ጓጉንቸር ያለው ማቀዝቀዣ

ትልቁ ማቀዝቀዣ የሦስት ትምህርት ክፍሎች ነበር። ባዮሎጂ፣ ዕፅዋት ሳይንስና የእኛ የእንስሳት ጤና ለየብቻ መግዛት ስላቃታቸው ከምርምር በጀታቸው አዋጥተው ገዙት። ከዚያ ማን ይቆጣጠረው የሚለው ጭቅጭቅ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ የዕፅዋት ሳይንሱ አንጋፋ መምህር፣ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ የሚያገለግሉት፣ እንደ ሙዳየ ምጽዋት በሦስት ጓጉንቸር ይቆለፍ፣ ከየክፍሉ አንድ አንድ ሰው ቁልፍ ይያዝ፣ ሦስቱ ካልተገኙ አይከፈት አሉ። "ይሄ ቤተ ሙከራ ነው ወይስ ደብር?" ብዬ ተቃወምኩ። የሰማኝ የለም፤ ጭራሽ የእኛን ክፍል ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ገና በማለዳው መብራት ጠፋ። እንጅባራ ላይ መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፤ ጄነሬተራችን ግን ከተበላሸ ሰንብቷል። ማቀዝቀዣው ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ገበሬዎቹን እየለመንኩ፣ አንዴም ተረግጬ፣ ከፈረሶቻቸው የቀዳሁት ደም አለ። ከፈረሶቹ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ደሙ ከቀለጠ አበቃ።

ዳንግላ ያለች ጓደኛዬ "እዚህ መብራት አለ፣ አምጪው" አለችኝ። በረዶና ሳጥን አዘጋጀሁ። የባዮሎጂው ባልደረባዬም ቁልፉን ይዞ መጣ። ሦስተኛው ቁልፍ ግን ከአንጋፋው መምህር ጋር ጫግኒ ለቅሶ ሄዷል፤ ስልካቸውም አይሠራም።

እርር ድብን አልኩ። ቢያንስ ከፍቼ ልየው ብዬ ወደ ዘበኛው ሮጥኩና መዶሻ ጠየቅኳቸው።

"የምን መዶሻ?"

"ጓጉንቸሩን ልሰብርበት።"

"የሦስት ሰው ቁልፍ ያለበትን? ኧረ አይሆንም ልጄ! እኔ እዚህ ቆሜማ አይሆንም።"

"እርስዎ ስለዚህ ምን ያውቃሉ!" ብዬ ጮህኩባቸው፤ የአባቴን እኩያ። መዶሻውን ግን አልሰጡኝም። እኔም ተመልሼ ማቀዝቀዣው ሥር ቁጭ ብዬ ዋልኩ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አንጋፋው መምህር ከጫግኒ ሚኒባስ ወርደው፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ መጡ። ሦስቱም ጓጉንቸር ተከፈተ። አንዷን ብልቃጥ አነሳሁ። ድንጋይ ናት። ሌላዋም ድንጋይ። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ አለቀስኩ።

"ስንት ጊዜ ከፈታችሁት?" አሉኝ መምህሩ።

"በምን እንክፈተው? ቁልፉ እርስዎ ዘንድ!"

"እሱ ነዋ ያዳነሽ። በከፈትሽው ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣ ነበር።"

እውነታቸውን ነው። መዶሻውን ባገኝ ኖሮ ልየው ልየው እያልኩ፣ በየግማሽ ሰዓቱ እየከፈትኩ፣ በገዛ እጄ አቀልጠው ነበር። ደግሞ እኮ ይህንኑ ለተማሪዎች የማስተምር ነኝ!

ሳጥኑን ጭነን ወደ ዳንግላ ስንወጣ ግቢው በር ላይ መኪናውን አስቆምኩና ወረድኩ።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው ዘበኛውን።

ስለ ደሙ አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

"ሲከፈት ሦስታችሁም ነበራችሁ?"

"ሦስታችንም ነበርን።"

"እንግዲያው በሰላም ሂጂ" ብለው በሩን ከፈቱልን።