የአማች ጠመንጃ አይፈተሽም

ጎሳዬ ጂንካ የገባው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ጦሩ ሲበተን፣ ክረምቱ ሲገባ። ከጦሩ ያተረፈው የመሣሪያ ጠጋኝነት ሙያውንና አንድ ከረጢት መፍቻ ነበር። «ክረምቱ ይለፍና አገሬ እገባለሁ» ብሎ ከአውሮፕላን ሜዳው ሣር ዳር አንዲት ክፍል ተከራየ። ክረምቱ አለፈ፤ ሌላውም ተከተለው። አገሬ የሚላትም ቀስ በቀስ ጂንካ ሆነች። ያን ጊዜ ከተማዋ ትንሽ ነበረች። አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱን ከሜዳው የሚያባርረውን ሰው እንኳ በስሙ የማያውቀው አልነበረም።

የሚሊሻ መሣሪያ የሚጠግን ሲፈለግ እሱ ተገኘ። ክላሹን ወደ ጆሮው ጠጋ አድርጎ ነቅነቅ ያደርግና «ይቺ ሞላዋ ደክሟል» ይላል፤ ሲፈታ እንዳለው ይሆናል። ከአርቦሬ ድረስ በእግራቸው የሚመጡ አርብቶ አደሮች «ሐኪሙ አለ?» ብለው ነበር የሚጠይቁት። ከዚያ በአቅራቢያው ካለችው ከገዘር ውባንቺን አገባ። ወንድሟ ለማም ሚሊሻ ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲወርድ ማረፊያው እነሱ ቤት ሆነ።

በዚያ ዘመን ጠመንጃ የያዘ እንግዳ ደጃፍ ላይ ካዝናውን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፤ ከዚያ ሰደፉን አስቀድሞ መሣሪያውን ለቤቱ ባለቤት ያቀብላል። «ባዶ ነው» ይላል እንግዳው። «ቤትህ ነው፣ ግባ» ይላል ባለቤቱ፤ ተቀብሎም ምሰሶው ላይ ይሰቅለዋል። እንግዳው እያየ መሣሪያውን ከፍቶ መፈተሽ ግን «አላመንኩህም» እንደ ማለት ነው። አማች ሲሆንማ አይታሰብም።

በ1994 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ለማ እንደ ልማዱ መጣ። ውባንቺ ቦኖ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር።

«አማቼ፣ ባዶ ነው» አለ ለማ እየሣቀ።

«ግባ፣ ቤትህ ነው።»

ካዝናው ቢነቀልም በውስጥ የጎረሰው ጥይት ሊቀር እንደሚችል በዚያች ከተማ ከጎሳዬ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ማቀባበያውን አንዴ ቢስበው ኖሮ ጥይቷ ዘላ እግሩ ሥር ትወድቅ ነበር። እጁም ሄዶ ነበር። ግን ይሉኝታ ያዘውና መለሰው። ሊሰቅለው ሲል ማንገቻው ከችንካሩ ሾለከ፤ እንዳይወድቅ ሲቀልበው ጣቱ ምላጩን አገኘው። ለማ በርጩማው ላይ ገና መቀመጡ ነበር፤ ከዚያ አልተነሣም።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «እንዴት ሆነ?» ብለው ሲጠይቁት ጎሳዬ ዋሸ። «ከፍቼ አይቻለሁ። ጥይት ማውጫው ተሰብሮ ኖሮ ጥይቷን ውስጥ ጥሏት ቀረ» አለ። ሐኪሙ እሱ ነው፤ ማን ይጠራጠር? በግ ታረደ፣ እርቅ ወረደ፣ ጥፋቱ የብረቱ ሆነ። ውባንቺ ለለቅሶ ከሄደችበት ከገዘር ከሦስት ወር በኋላ ተመለሰች። አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችው፦ «ከፍተህ አይተሃል?» «አይቻለሁ» አላት። ከዚያ በኋላ ነገሩ በቤቱ አልተነሣም።

እሱ ግን አልተወውም። ለሃያ ዓመት ያሠለጠነውን ሚሊሻ ሁሉ ከተኩስ በፊት የሚያስተምረው ይህንኑ ነበር። «ሰው ሲሰጥህ ፊቱ እያየ ክፈተው። ይከፋዋል? ይክፋው። የከፋው ሰው ነገ ይታረቅሃል።» ሠልጣኞቹ «መጣ የክፈተው መምህር» እያሉ ያሙት ነበር፤ ያውቃል።

ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ነስረዲን የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ከባልደረቦቹ ጋር የኮምፒውተር ጌም እየሠራ ነበር፤ አዳኞችን የሚያሳድድ የፓርክ ጠባቂ ታሪክ ነው።

«ጋሼ ጎሳዬ፣ የመሣሪያ አያያዙ የውሸት ሆነብን። እስኪ ይዩት።»

ጎሳዬ መነጽሩን አድርጎ አየ። «ይኼ ሰውዬ ካዝናውን ጣለው?»

«ጥይት ስለጨረሰ ነው።»

«አልጨረሰም። ከሠላሳው አሥራ ስምንት ነው የተኮሰው፣ ቆጥሬያለሁ። ደግሞ ካዝናውን የሚጥል ጠባቂ የት አለ? ነገ በምን ሊተኩስ ነው፣ በሞባይሉ?»

ነስረዲን ሣቀ።

«ማቀባበያውንስ በግራ ያደረገው ማነው? በቀኝ ነው። ካዝናም እንደ ቴፕ ካሴት አይሰካም፤ ከፊት ይነክስና ወደ ኋላ ይሳባል። ጣቱን ተመልከት፣ ሲሮጥም ምላጩ ላይ ነው። እንዲህ የሚሮጥ ሰው መጀመሪያ የሚመታው የራሱን እግር ነው።»

«እንግዲያው እርስዎ ይሥሩልን። በአራት ካሜራ ቀርፀን ሰውዬውን የእርስዎን እንቅስቃሴ እናለብሰዋለን።»

ጎሳዬ መነጽሩን አወለቀ። «እሺ፤ ግን አንድ ነገር አለኝ። ጠባቂው ሰው ቤት ሲገባ፣ ሰውም ቤቱ ሲመጣ፣ መሣሪያ የሚቀበለው ሰው ከፍቶ ይይ። ሁልጊዜ።»

«ቀላል ነው፣ ጋሼ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ሊያስመስሉበት ዱላ ሲያቀብሉት እምቢ አለ። «ክብደት ከሌለው እጅ ይዋሻል» ብሎ ከእንጨትና ከውኃ ቧንቧ እንደ ክላሽ የሚከብድ፣ የሚሳብ ማቀባበያ ያለው አንድ ሠራ። ጥቁር ሹራብ አልብሰው ካሜራው እንቅስቃሴውን እንዲከተል ነጭ ፕላስተር ለጠፉበትና ሦስት ቀን ቀረፁት። ሲቀበል፣ ሲከፍት፣ ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ ሲሰቅል። መቀበሉን ሃያ ጊዜ ሳያደርገው አልቀረም። ያን ቀን የተመለሰች እጅ እዚህ ሃያ ጊዜ ሄደች። ሦስተኛው ቀን ላይ ያለቀሰ መሰለ፤ ላብ ነው ብለው ውኃ ሰጡት።

ጌሙ በአዳራሽ ሲመረቅ ውባንቺን ይዟት ሄደ። ወትሮ እንዲህ ያለ ቦታ አይወስዳትም ነበር። አሁን ግን ፈለጋት። ዕድሜ ልኩን የዋሸውን አንድ ነገር፣ በገዛ ሰውነቱ ሲሠራው፣ አንዴ እንኳ በዓይኗ እንድታይለት።

ትልቁ ስክሪን በራ። ጠባቂው ጥይት ሲያጎርስ፣ ካዝናው ከፊት ነክሶ ሲገጥም ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። «እውነተኛ ነው እኮ» አለ ከኋላቸው አንዱ።

ውባንቺ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ትከሻው ያንተ ነው። ግራው ዝቅ ይላል።»

«እኔ ነኝ» አላት፤ ኩራት ነካው።

ከዚያ የሣር ቤት መጣ። እንግዳ ደጃፉ ላይ ካዝናውን ነቅሎ መሣሪያውን አቀበለ። ግራ ትከሻው ዝቅ ያለው ሰው በሁለት እጁ ተቀበለ። ሰውዬው ዞረ፣ ማንገቻውን አነሣና መሣሪያውን ምሰሶው ላይ ሰቀለው። እንግዳው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጨዋታው ቀጠለ።

አልከፈተውም። መቀበሉና መስቀሉ አለ፤ መካከሉ የለም።

በዕረፍቱ ነስረዲንን መተላለፊያው ላይ ለብቻው አገኘው።

«መክፈቱስ?»

ነስረዲን ዓይኑን ሰበረ። «ሞክረን ነበር፣ ጋሼ። ሦስት ሰከንድ ይወስዳል። የሞከሩት ልጆች በሩ ላይ ቁሙ ተባልን ብለው አማረሩ፤ ጨዋታውን ይሰብራል አሉ። ሌላው ሁሉ ግን እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ካዝናውም፣ ጣቱም።»

«ሦስት ሰከንድ» አለ ጎሳዬ።

ሲመለስ ውባንቺ ነጠላዋን አስተካክላ ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

«ያን ቀን ቦኖ ነበርኩ» አለች። «እንዴት እንደተቀበልከው አላየሁም ነበር።»

«ውባንቺ፣ ቆርጠውት ነው። እኔ ከፍቼ ነበር፣ እነሱ ናቸው ያወጡት።»

እውነቱን ነበር የተናገረው። ግን ድምፁ በዚያ ዓመት በሽማግሌዎቹ ፊት የወጣው ድምፅ ሆኖ ለራሱም ተሰማው። ነስረዲንን ጠርቶ ሊያስመሰክር ይችል ነበር። ምን ብሎ ይመሰክርለታል? በዚህኛው ከፍቷል፣ ብሎ?

«ለማ ሲሰጥህ ከፍተሃል?» አለችው። ሁለተኛ መጠየቋ ነው፣ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ።

አዳራሹ ውስጥ እንደገና ጭብጨባ ተነሣ። ጎሳዬ እጆቹን ተመለከተ።

«አማቼ ነበር» አለ። «አፈርኩ።»

ውባንቺ ራሷን ነቀነቀች፤ ለብዙ ዘመን የጠበቀችውን ዕቃ የተረከበች ያህል። ከግቢው በር ባጃጅ አስቆመች። ሊገባ ሲል ቦርሳዋን አጠገቧ ባዶው ቦታ ላይ አኖረችው።

«መናኸሪያ» አለችው ሾፌሩን። «የገዘር መኪና ሳይሞላ አድርሰኝ።»