ጉልበቱ ሳይድን የተሸኘው ተከላካይ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ በቤቴ ያደረገውን ልነግራችሁ ፈልጌ ተነስቻለሁ። በቃሌ ልናገር ብል እንባዬ እንደሚቀድመኝ ስለማውቅ ቀስ እያልኩ ጽፌ አመጣሁት። ከወረቀት ስለማነብላችሁ አትቀየሙኝ። ባለቤቴ ክፍሎም ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። "ባሏን የቀበረች ሴት ምን ምስክርነት አላት?" የሚል ካለ አልፈርድበትም፤ እኔም ራሴን እንዲሁ ብዬ ጠይቄያለሁ። ግን አለኝ። ስሙ ይባረክ፣ አለኝ!

ለማታውቁኝ፣ ለምለም እባላለሁ። አባቴ ከደሴ ተመድበው መቀሌ የመጡ አስተማሪ ነበሩ። እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ አስተማሪ ሆንኩ። ክፍሎምን ለዚህ ከተማ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ከሌላ አገር የመጣችሁ ስላላችሁ ግን ልንገራችሁ። ክፍሎም የመሃል ተከላካይና የቡድኑ አምበል ነበር። በልጅነቱ ከከተማችን ክለቦች አንዱን ተቀላቅሎ፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል እስኪል ድረስ የሌላ ክለብ ማልያ አልለበሰም። ደጋፊው "ዓንዲ" ይለው ነበር፤ በትግርኛ ምሰሶ ማለት ነው።

ክፍሎም ገና ሲያጨኝ አባቴ፣ "ልጄ፣ የኳስ ተጫዋች ጉልበቱ ሲያልቅ ጠባዩም አብሮ ያልቃል" ብለውኝ ነበር። ጠባዩስ ከመጀመሪያውም ብዙ አልነበረም! ክፍሎም ዳኛ ላይ ይጮሃል፣ ቢጫ ካርድ እንደ ደመወዝ ይቀበላል። የተሸነፉ ቀን ቤታችን ለቅሶ ቤት ነው፤ ድስት እንኳን ክዳኑን ስከድን እጠነቀቃለሁ። ያሸነፉ ቀን ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ምሳ ይጋበዛል። ጌታን እናውቀው ነበር፣ ግን እንደ ሩቅ ዘመድ በበዓል ቀን ብቻ። ሳቃችንንም ኩርፊያችንንም የምታዘው ኳስ ነበረች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሁላችሁም ስላያችሁት አላወራውም። ኳስ ቆመ። ውድድሩ ሲመለስ ክፍሎም ዕድሜው ገፍቶ ነበር፤ እሱ ግን ይህን መስማት አይወድም። "የጠፉብኝን ዓመታት አስከፍላለሁ" ይል ነበር። "ማንን?" ስለው፣ "ኳሷን" ይለኛል።

ኳሷ ግን እሱን አስከፈለችው። መጀመሪያ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ተመለሰ። የጭኑ ጡንቻ ተሰነጠቀ። ተመለሰ። ከዚያ ያው ቀኝ ጉልበቱ እንደገና አበጠ። የቡድኑ ወጌሻ፣ "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተን ስጠቀልል የቡድኑ ፋሻ አለቀ እኮ! ይኣክል፣ በቃህ!" ይለው ነበር። ሐኪሙም የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ዘርግቶ ካየ በኋላ፣ "ስማኝ ወንድሜ፣ አንተ ጎልማሳ ነህ፤ ይህ ጉልበት ግን የአባትህ ነው። ልጆችህን አቅፈህ እንድትቆም ላደርግህ እችላለሁ። ሜዳ ግን አትግባበት" አለው። ክፍሎም ክራንቹን ይዞ ከክፍሉ ሲወጣ ለሐኪሙ ሰላምታ እንኳን አልሰጠም።

በቦታው ደግሞ ሀፍቶም የሚባል ተከላካይ አስገቡ። ሀፍቶም ጨዋ ሰው ነው። ሊጠይቀው ብርቱካን ገዝቶ ቤታችን ድረስ መጣ። በሩን ስከፍትለት ክፍሎም ከውስጥ፣ "የለም በይው!" ብሎ ጮኸ። ሀፍቶም ሰማው፤ እኔም መስማቱን አየሁ። "እሺ እህቴ፣ ሲመጣ ሰላም በይልኝ" አለኝና ብርቱካኑን ሰጥቶኝ ሄደ። እኔ በሩ ላይ በኀፍረት ቀረሁ።

በዚያ ሰሞን ነው ጎረቤታችን እህት ጽጌ ወደዚህ አዳራሽ የጠራችን። ክፍሎም፣ "የምሄደው ለጉልበቴ ነው፤ ለመዝሙሩ አይደለም፣ ቀድሜ ልንገራችሁ" አላት። ጽጌም፣ "ጉልበትህን ይዘህ ና፤ የቀረው ሰውነትህ ተከትሎ መምጣቱ አይቀርም" አለችው። መጣን። መጋቢያችን እጁን ጭኖ ጸለየለት። ወገኖቼ፣ ያን ቀን የሆነውን ዛሬም አላቃልለውም። ክፍሎም ሕመሙ ጠፋለት፤ ክራንቹን ትቶ ከዚህ መድረክ እስከዚያ በር ሲራመድ በዓይኔ አይቻለሁ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። "መስክር! ወንድም ክፍሎም፣ መስክር!" አላችሁት።

ልማዳችንን ታውቃላችሁ። የተጸለየለት ሰው ሕመሙ ቀለል ካለው ወዲያው ድምፅ ማጉያው ይሰጠዋል፤ ክራንች ይዞ የመጣም መድረኩ ሥር ትቶት ይሄዳል። ክፍሎምም መሰከረ። "ጌታ አዲስ ጉልበት ሰጥቶኛል! በቅርቡ ሜዳ ላይ ታዩኛላችሁ!" አለ። "ሐኪሙ ደግሞ ይየው" ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ እንዲያ ማለት ያን ጊዜ አለማመን ይመስለን ነበር።

ልምምድ ጀመረ። አሰልጣኙ ሲጠራጠር፣ "ድኛለሁ እያልኩህ!" እያለ አስጨነቀው፤ በመጨረሻ አሰለፉት። የመጀመሪያው አጋማሽ እንኳን አላለቀም። ለኳስ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ ከዳው። በቃሬዛ ሲወጣ ከደጋፊው መካከል አንዱ፣ "ዓንዲ፣ ጌታህ ዳኛ ነው እንዴ? ቀይ ሰጠህ!" ብሎ ጮኸ፤ ሰዉም ሳቀ። እኔም ሰማሁ፤ እሱም ሰማ።

ከዚህ የባሰው ግን ከእኛው ዘንድ መጣ። ሊጠይቁን የመጡ አንድ ወንድም አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ "ፈውሱን ተቀብለህ ነበር። በጥርጣሬ ጣልከው፤ እምነት ጎደለህ" አሉት። ክፍሎም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በዚያው ወር የክለቡ ሥራ አስኪያጅ መጣ። "ወንድማችን፣ ክለቡ ያከብርሃል። ውሉን ግን አናድስም። ሜዳ ላይ ሽኝት እናደርግልሃለን" አለው። ክፍሎም፣ "ሬሳ ነው የሚሸኘው፤ እኔ አልመጣም" ብሎ መለሰው። ሥራ አስኪያጁ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ "በአንድ ወር ሁለት ማልያ አወለቅሁ፤ የክለቤንና የጌታን። ከእንግዲህ ስለ ሁለቱም በዚህ ቤት እንዳይነሳ" አለኝ።

ወንድሞችና እህቶች፣ የፈራሁት ለጉልበቱ አልነበረም። ያ ሰው ዕድሜውን የሰጠበትን ሁሉ እየረገመ ሊኖር ነው፣ እየረገመም ሊሞት ነው ብዬ ፈራሁ። መናገር አቆመ። ፊቱን መላጨት ተወ። እኔም ጌታን፣ "ልታስቆመው ካልሆነ ለምን አስነሳኸው?" አልኩት። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም። እግዚአብሔር ግን ይህንንም ጸሎት ብሎ ሰማው! ክብር ለስሙ ይሁን!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት መጋቢያችን ቆሟል፤ በብብቱ ሁለት ክራንች ይዟል። የክፍሎምን ክራንች! ከዚህ አዳራሽ እስከ ቤታችን፣ ዋናውን መንገድ ይዞ፣ በፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው ተሸክሞ መጥቷል። ገባና አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

"ክፍሎም፣ ክራንችህን መልሼ አመጣሁ" አለው። "ጌታ ያላለውን አልን። አንድ ቀን ሕመምህ ስለተወህ ሁሉም አለቀ ብለን ድምፅ ማጉያ ሰጠንህ። ለጉልበትህ ሳይሆን ለእልልታችን ቸኮልን። እምነት የጎደለህ አንተ አይደለህም። ይቅር በለኝ።"

ክፍሎም እጁን ዘርግቶ ክራንቹን ነካ። ከዚያ፣ "ይህን ሁሉ መንገድ ይዘኸው መጣህ? ሰው ምን አለህ?" ብሎ ጠየቀው።

"'መጋቢ፣ እግርህን ምን ሆንክ?' አሉኝ። 'እግሬስ ደህና ነው፤ የታመመው አፌ ነው' አልኳቸው።"

ወገኖቼ፣ ክፍሎም ሳቀ! ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ! እየሳቀ እያለ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠበት፤ መጋቢውም አብሮት አለቀሰ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ አየኋቸው። በዚያው አልጋ ላይ ክፍሎም በራሱ አፍ ጸለየ። ስለ ጉልበቱ አንድ ቃል አላነሳም። "ጌታ ሆይ፣ እኔ ሁልጊዜ ለጥቅሜ ነው የምመጣው፤ ዛሬ ምንም ሳልጠይቅህ መጥቻለሁ። ተቀበለኝ" አለ። መዳን ማለት ምን እንደሆነ እኔም ያን ቀን ገባኝ፤ እኔም ተንበረከክሁ። ሃሌ ሉያ! የዳንነው ሁለታችን ነን!

ሲነሳ ያለው የመጀመሪያ ነገር፣ "ለምለም፣ ለሥራ አስኪያጁ ደውይለት፤ እመጣለሁ በይው" የሚል ነበር።

የሽኝቱ ቀን ስታዲየሙ ሞላ። ክፍሎም በክራንች ወጣ። ያ "ቀይ ሰጠህ" ያለው ሰው በዚያ ቀን መጥቶ እንደሆነ አላውቅም፤ በልቤ ግን ፈርቼዋለሁ። ድምፅ ማጉያው ሲሰጠው ክራንቹን አስተካክሎ ተደገፈ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

"ባለፈው ድኛለሁ ብያችሁ ነበር። ጉልበቴ አልዳነም፤ ታያላችሁ። ያኔ የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ጌታ አልዋሸም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ዛሬ ከዚህ ሜዳ የምወጣው በማንም ሳልቆጣ ነው። በክለቡም፣ በሐኪሙም፣ በዳኞቹም ጭምር። ክፍሎምን የምታውቁ ይህ ተአምር መሆኑን ታውቃላችሁ!"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። መስመሩ ላይ የቆሙት ዳኞች እንኳን ሳቁ! ከዚያ ክፍሎም ሀፍቶምን ጠራው። የአምበልነቱን መለያ ከክንዱ ፈትቶ በሀፍቶም ክንድ ላይ አሰረለት። ሀፍቶም ቆይቶ እንደነገረኝ፣ እያሰረለት በጆሮው፣ "ሲመጣ ሰላም በይልኝ ብለህ ነበር፤ ይኸው መጣሁ" ብሎታል። ሀፍቶም አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ደጋፊው "ዓንዲ! ዓንዲ!" እያለ ተነሣ፤ ክፍሎም በሁለቱ ክራንቾች ላይ ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ክለቡን የተወው እንደዚህ ነው። የፈራሁት ሽኝት፣ ጌታ የሰርግ ያህል አደረገልኝ!

ከዚያ በኋላ የሰጠን ዓመታት ጥቂት ናቸው፤ ግን የእኛ ነበሩ። ልጆቹን አቅፎ ቆመ፤ ሐኪሙ እንዳለው። ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞረ አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎችን ይጠይቅ ነበር። "ለመዳን አትቸኩል፤ ጌታ አይቸኩልብህም" ይላቸው ነበር። እኔም ቤት ውስጥ ድስቴን እንደፈለግሁ አንኳኳ ነበር!

ጉበቱን ሲታመም ይህች ቤተ ክርስቲያን ጸለየችለት። እሱም፣ "ጸልዩ፣ በርቱ! ብቻ ከእኔ ቀድማችሁ እንዳትመሰክሩ" እያለ ያስቃችሁ ነበር። አልዳነም። በመጨረሻው ቀን እጄን ይዞ፣ "ለምለም፣ የተቆጣሁት ሰው የለም" አለኝ።

እኔ ከቀብሩ በኋላ ዘመርኩ ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። አልዘመርኩም። ዛሬም ቢሆን ከክፍል ወጥቼ ወደ ቤት ስመለስ በሩን የሚከፍትልኝ እሱ የሚመስለኝ ቀን አለ፤ ያን ጊዜ ያመኛል። ግን ስሙ ይባረክ፣ ባሌ እየረገመ አልሞተም! የፈራሁት ይህ ነበር፤ ጌታም ከዚህ አዳነኝ። ሞቱን ሳስብ አለቅሳለሁ፤ እንዴት እንደሞተ ሳስብ አመሰግናለሁ። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ መኖር እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

አሁን ልጨርስ። ከክፍሎም ቀብር ጀምሮ ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም። ለእኔ አዝናችሁ፣ እሱን አክብራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አዳራሹ ሲሞላ እንኳን ቆማችሁ ታመልካላችሁ። ጌታ ይባርካችሁ። ግን ዛሬ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እዚህ መካከል ሳይሻለው ተሻለኝ የሚል፣ እያለቀሰ ደህና ነኝ የሚል ሰው ካለ፣ ለማንም መመስከር የለበትም። ሕመሙን ይዞ ይምጣ። ጌታ ከነሕመሙ ይቀበለዋል፤ እኔ ምስክር ነኝ። ይምጣና ያ ወንበር ላይ ይቀመጥ። እኔ ፈቅጃለሁ። ብቻዬን መቀመጥ በቅቶኛል።